ሸክሙን ማን ያግዛል?

ስለ ማኅበራዊ ደኅንነትና ስለ ማኅበራዊ ሥራ ለጀማሪዎች የቀረበ ማብራሪያ

አንባቢ ሆይ፥ አንድ ቀን ማለዳ ጊዜ ቢኖርህ ከመገናኛ ተነሥተህ በኮተቤ በኩል እስከ ካራ ድረስ ብቅ በል። ካራ የሚለው ቃል በኦሮምኛ መንገድ ማለት ነው፤ ስሙም ለስፍራው የተገባ ነው፤ ወደ ደሴ የሚወስደው ጎዳና አዲስ አበባን የሚሰናበተው በዚሁ በኩል ነውና። ወደዚያ ስትወጣ በስተግራህ የየካ ተራራ ከእንጦጦ ጋራ ተያይዞ ይታይሃል። ብርዱ ከመሐል ከተማው ይልቅ ጠንከር ይላል፤ የባሕር ዛፉም ሽታ ከሩቅ ይቀበልሃል።

እዚያ ቆመህ ጥቂት ብትጠብቅ ከዳገቱ በኩል አንዲት ሴት ስትወርድ ታያለህ። ፊቷ አይታይም፤ ጎንበስ ብላ መሬት መሬቱን እያየች ነው የምትሄደው። በጀርባዋ የተሸከመችው የጭራሮና የቅጠል እስር በግራና በቀኝ ከትከሻዋ አልፎ ስለሚወጣ፥ መኪና በመጣ ቁጥር ወደ ጎን ዞራ ትቆማለች። ሸክሙ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ያልፋል። ገና ጎሕ ሳይቀድ ከቤቷ ወጥታ፥ ለቅማና አስራ፥ ብዙ ኪሎ ሜትር በእግሯ ተጉዛ ነው እዚህ የደረሰችው። ሸክሙን ሸጣ በምታገኘው ገንዘብ የዚያን ዕለት እራት ትገዛለች፤ ነገም እንደገና ትወጣለች።

እንግዲህ በመንገዱ ዳር ሦስት ሰዎች ቆመዋል እንበል። አንደኛው አዘነና ከኪሱ ጥቂት ብር አውጥቶ «እንኪ እናቴ» ብሎ ሰጣት፤ የራሱም ልብ ቀለል አለው። ሁለተኛው «ደን መቁረጥ ክልክል መሆኑን አታውቂምን? ተራራው ሲራቆት ጎርፉ የሚወርደው በእኛው ላይ ነው» ሲል ተቆጣት። ሦስተኛው ግን ሸክሟን እስክታሳርፍ ጠብቆ፥ እጅ ነሥቶ፥ «እንደምን አደሩ እትዬ፤ ቤትዎ ሩቅ ነው? ማን ማን አለዎት?» ሲል ጠየቃት።

የመጀመሪያው ደግ ሰው ነው። ሁለተኛውም የተናገረው ሐሰት አይደለም። ዛሬ ልናወጋበት ያሰብነው ጉዳይ ግን የሚጀምረው ከሦስተኛው ሰው ጥያቄ ላይ ነው።

ሁለቱ ቃላት

ማኅበራዊ ደኅንነትና ማኅበራዊ ሥራ የሚባሉት ሁለት ቃላት ብዙ ጊዜ ተደባልቀው ይነገራሉ፤ ነገር ግን አንድ አይደሉም።

ማኅበራዊ ደኅንነት ማለት አንድ ሕዝብ ከመካከሉ ማንም እንዳይራብ፥ ታሞ እንዳይጣል፥ ሲያረጅ እንዳይወድቅ፥ ወላጅ ሲሞትበት ሜዳ ላይ እንዳይቀር ብሎ ያቋቋመው ሥርዐት በሙሉ ነው። ጡረታ፥ የነጻ ሕክምና፥ የሕፃናት ማሳደጊያ፥ የአረጋውያን መጦሪያ፥ የሴፍቲኔት ድጋፍ ሁሉ በዚህ ውስጥ ይገባሉ።

ማኅበራዊ ሥራ ደግሞ ሙያ ነው። ችግረኛው ከሥርዐቱ ጋራ እንዲገናኝ፥ ራሱም በችግሩ ላይ እንዲበረታ የሚረዳ፥ የራሱ ትምህርትና የራሱ ሥነ ምግባር ያለው ሙያ ነው። ለምሳሌ ያህል፥ ሆስፒታል መሠራቱና መድኃኒት መቅረቡ ብቻውን በሽተኛውን አያድነውም፤ መርምሮ የትኛው መድኃኒት እንደሚስማማው የሚያውቅ ሐኪም ያስፈልጋል። ማኅበራዊ ሠራተኛም በኑሮ በኩል እንዲሁ ነው።

ብዙ ሰዎች ይህን ሙያ ከምጽዋት ጋራ አንድ ያደርጉታል። ምጽዋት ዛሬን ያሳልፋል፤ ማኅበራዊ ሥራ ግን ነገም እንደ ዛሬ እንዳይሆን ምን ይደረግ ብሎ ይጠይቃል። ይህን ስል ምጽዋትን መንቀፌ አይደለም፤ የራበው ሰው ጥናቱ እስኪያልቅ ድረስ አይጠብቅምና። ነገር ግን በየቀኑ ለሚመለስ ችግር የአንድ ቀን መልስ ብቻ ብንሰጠው፥ ችግሩን አላመድነው እንጂ አላስወገድነውም።

አባቶቻችን ያቆዩልን

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» ይላል ተረታችን። ይህ ተረት የማኅበራዊ ደኅንነትን ፍሬ ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨርሶታል። አገራችን መረዳዳትን ከውጭ አልተማረችም። አዝመራ ሲደርስ ደቦ አለ፤ ገንዘብ ለማጠራቀም ዕቁብ አለ፤ በየወሩ የሚገናኙ የጽዋ ማኅበርተኞች አሉ፤ ወላጅ ያጣውን ሕፃን እንደ ልጅ የሚያሳድግ የጉዲፈቻ ልማድ አለ። በከተማው ደግሞ ከሁሉ የበረታው ዕድር ነው።

በካራም ሆነ በኮተቤ ጡሩምባው ሲነፋ ምን እንደሚሆን አንተው ታውቀዋለህ። ድንኳኑ ይተከላል፤ አግዳሚው ይደረደራል፤ የሴቶች ዕድር ድስቱንና ሰሐኑን ያመጣል። ሐዘንተኛው የሚከፍለውን ሳያስብ ያለቅሳል። ከዚህም አልፎ የኤችአይቪ ኤድስ በሽታ ቤት ለቤት በገባ ጊዜ፥ ብዙ የአዲስ አበባ ዕድሮች ከቀብር ጉዳይ ወጣ ብለው በሽተኛ መጎብኘትና ወላጅ አልባ ሕፃናትን መርዳት ጀምረው ነበር።

ሆኖም ዕድር የራሱ ወሰን አለው። የሚረዳው አባሉን ነው፤ አባል ለመሆንም መዋጮ ያስፈልጋል። ከገጠር ገና የመጣች፥ በጭቃ ቤት ተከራይታ የምትኖር፥ የዕለት እራቷን ከጫካ የምታወጣ ሴት ወርኀዊውን መዋጮ ከየት ታመጣለች? ደግሞም ሌላ የሚያሳስብ ነገር አለ። በሞተ ጊዜ ሠፈር ሁሉ ወጥቶ የሚቀብረውን ሰው፥ በሕይወት ሳለ ስንቱ ጎብኝቶት ነበር? ዕድራችን ለሞት እንደሚፈጥን ለኑሮም ቢፈጥን ምንኛ መልካም በሆነ! ማኅበራዊ ሥራ የአባቶቻችንን ልማድ ሊሽር የመጣ አይደለም፤ ይህን ክፍተት ሊሞላ የመጣ ነው።

ሌሎች አገሮች በምን መንገድ ሄዱ?

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1601 የድኾች ሕግ አውጥተው፥ እያንዳንዱ ደብር ከነዋሪው ግብር ሰብስቦ ችግረኞቹን እንዲረዳ አዘዙ። ሕጉ ግን ርዳታ የሚገባውና የማይገባው ድኻ እያለ ሰውን ስለሚለይ፥ ርዳታው ራሱ ውርደት ሆነ። በጀርመን አገር ቢስማርክ እ.ኤ.አ. በ1883 የሠራተኞችን የሕመም መድን በሕግ አቆመ፤ ከዚያም በ1889 የእርጅና ጡረታን አስከተለ። ከዚህ ወዲህ ርዳታ የጌታ ችሮታ መሆኑ እየቀረ፥ ሠራተኛው ባዋጣው ልክ የሚጠይቀው መብት መሆን ጀመረ።

በዚሁ ዘመን የተማሩ ወጣቶች ከድኾች ሠፈር ገብተው አብረው መኖር ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1884 በለንደን ቶይንቢ ሆል፥ በ1889 በቺካጎ ሀል ሀውስ የተባሉት ቤቶች ተከፈቱ። የሀል ሀውስ መሥራች ጄን አዳምስ በ1931 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተካፋይ ሆናለች። እነዚህ ሰዎች የተማሩት ትልቅ ነገር፥ ጎረቤት ሆነው ካልኖሩ የድኻውን ችግር ከሩቅ መገመት እንደማይቻል ነው። ሜሪ ሪችመንድ የተባለች አሜሪካዊት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1917 ባሳተመችው መጽሐፍ፥ ሐኪም በሽተኛውን እንደሚመረምር ሁሉ የችግረኛውንም ኑሮ ከቤተ ሰቡ፥ ከጎረቤቱና ከሥራው ጋራ አያይዞ መመርመር እንደሚገባ አስተማረች። ሙያው እውነተኛ ሙያ የሆነው ከዚህ ወዲህ ነው።

በአገራችን

በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል ማኅበር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1935፥ ጠላት አገራችንን በወረረበት ዓመት ነው። የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ በአዋጅ ቁጥር 209/1955 ተደነገገ። የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤትም እ.ኤ.አ. በ1959 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከፈተ። ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ ትምህርቱ ለብቻው መሰጠቱ ቀርቶ ከሶሲዮሎጂ ጋራ ተቀላቀለ፤ እንደገና ራሱን ችሎ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። በመካከሉ 30 ዓመት ያህል አለፈ። በእነዚያ ዓመታት አገራችን ድርቅንም፥ ጦርነትንም፥ ወረርሽኝንም አይታለች፤ ባለሙያው ከምንጊዜውም ይልቅ በሚፈለግበት ወቅት የሚያፈራው ትምህርት ቤት አልነበረም ማለት ነው።

ታዲያ በዚያ ጊዜ ሥራውን የያዙት ልባቸው ያዘዛቸው ሰዎች ናቸው። ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1972 ዓ.ም. ወደ ግሸን ማርያም ተሳልመው ሲመለሱ በረኃብ ከተጎዳው የወሎ ሕዝብ መካከል ሕፃናት አንሥተው ወደ ቤታቸው አመጡ፤ ከዚያም የተነሣ ትልቅ የሕፃናት ድርጅት ተቋቋመ። በ2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ከዚሁ ሥራ አልተለዩም። አንባቢ ሆይ፥ የወይዘሮ አበበችን ድርጅት ታሪክ ስትመረምር አንድ ነገር ልብ በል፤ ሕፃናቱን በማብላት ብቻ አልቆመም፤ ትምህርትና የእጅ ሙያ ጨምሮበታል፤ እናቶችም ሠርተው እንዲያድሩ መርዳቱን ተያይዞታል። ይህ ከምጽዋት ወደ ማኅበራዊ ሥራ የተሻገረ ርምጃ ነው።

መንግሥትም በ1989 ዓ.ም. የልማታዊ ማኅበራዊ ደኅንነት ፖሊሲ፥ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲ አወጣ። በ2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት፥ መሥራት የሚችሉት መንገድ እየጠረጉና ችግኝ እየተከሉ ደመወዝ እንዲያገኙ፥ ከዚያም ጥቂቱን እንዲቆጥቡ፥ መሥራት የማይችሉት አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ደግሞ ቀጥታ እንዲረዱ አድርጓል።

ሥራው እንዴት ይሠራል?

አሁን ወደ ካራ እንመለስ፤ ሴትዮዋ ሸክሟን አሳርፋ ቆማለች። ማኅበራዊ ሠራተኛ ሦስት በሮች አሉት።

የመጀመሪያው በር ሰውዬውን በግል መርዳት ነው። ሠራተኛው ቤቷ ድረስ ሄዶ ይጠይቃል። ባል አላት? ልጆቿ ይማራሉ? ወገቧን ያማታል? የነዋሪነት መታወቂያ አላት? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን መታወቂያ የሌለው ሰው በወረዳው መዝገብ ላይ የለም፤ በመዝገብ ላይ ከሌለም ድጋፍ ሲታደል ስሙ አይጠራም። ምናልባት የሴትዮዋ ትልቁ ሸክም በጀርባዋ ያለው እንጨት ሳይሆን፥ በእጇ የሌለው ወረቀት ይሆናል። ይህንን ማወቅ የሚቻለው በመጠየቅ ብቻ ነው።

ሁለተኛው በር በቡድን መርዳት ነው። አንዲት ሴት ለብቻዋ ያልቻለችውን አሥር ሆነው ይችሉታል። ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። የዓለም የሥራ ድርጅት በእንጦጦ የእንጨት ተሸካሚ ሴቶችን ኑሮ ካስጠና በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ቀድሞ እንጨት ይሸከሙ የነበሩ ሴቶች በተራራው ግርጌ ማኅበር አቋቋሙ። ሸማና የአንገት ልብስ እየሸመኑ፥ ስፌት እየሰፉ መሸጥ ጀመሩ። በአገራችን ልማድ ሴቲቱ ትፈትላለች እንጂ ሸማኔነቱ የወንድ ነበር። እነዚህ ሴቶች ግን ከእቃው ላይ ተቀምጠው መወርወሪያውን ያዙ። ከሸክሙ ጋራ አብሮ «አልችልም» የሚለው ሐሳብ ከትከሻቸው ወረደ።

ሦስተኛው በር ሠፈሩን ራሱን ማንቀሳቀስ ነው። ሠራተኛው የዕድሩን ዳኛ፥ የትምህርት ቤቱን ዲሬክተር፥ የጤና ጣቢያውን ነርስ፥ የደን ጠባቂውን ጭምር በአንድ ላይ ያስቀምጣል። «ይህ ዳገት የሁላችንም ነው፤ ከእርሱ የሚኖሩት ሴቶችም የእኛ ናቸው፤ ምን እናድርግ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱን ግን እርሱ አይሰጥም። ሠፈሩ ራሱ ያልወለደው መልስ፥ ሠራተኛው የሄደ ዕለት አብሮት ይሄዳልና።

በሦስቱም በሮች የሚገባ ሠራተኛ ሦስት ሕግ ይጠብቃል። አንደኛ፥ የሰውን ክብር አይነካም፤ ችግረኛ ሰው እንጂ ችግር የሚባል ሰው የለም። ሁለተኛ፥ የነገሩትን ምስጢር ለቡና መጠጫ ወሬ አያደርግም። ሦስተኛ፥ ምርጫውን ለባለቤቱ ይተዋል፤ «ይህን አድርጊ» ሳይሆን «ይህም ይህም አለ፤ የትኛው ይሻልሻል?» ይላል።

የዳገቱ እንቆቅልሽ

ሁለተኛውን ሰው፥ ያንን የተቆጣውን፥ ረስቼው አይደለም። የተናገረው ነገር ከባድ ነው። ዐፄ ምኒልክ በከተማይቱ ዙሪያ ያለው ደን አልቆ የማገዶ ችግር በበረታ ጊዜ፥ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ባሕር ዛፍ ከውጭ አገር መጥቶ እንዲተከል ባያደርጉ ኖሮ አዲስ አበባ ከስፍራዋ መነሣቷ አይቀርም ነበር ይባላል። ያ ዛፍ ከተማይቱን አጸናት። ዛሬም ዳገቱ ቢራቆት አፈሩ ይታጠባል፤ ጎርፉም ከታች ያለውን ሠፈር ያጠፋል። እንጦጦ በ2013 ዓ.ም. መናፈሻ ሆኖ ለሕዝብ መከፈቱም የሚያስደስት ነገር ነው።

ነገር ግን ደኑን ስንጠብቅ ሴትዮዋን ከበሩ ላይ መልሰን ብቻ ዝም ብንል፥ ልጆቿ ያን ቀን ማታ ምን ይበላሉ? ደግሞም ልብ በል፤ እርሷ የምትሸከመው ለራሷ ብቻ አይደለም። እንጀራችንን የሚጋግረው፥ ጠላችንን የሚያፈላው እሳት ከዚያው ጀርባ ላይ የወረደ ነበር። ሻጯን ወንጀለኛ፥ ገዢውን ጨዋ ሰው የሚያደርግ ፍርድ ትክክለኛ ፍርድ አይደለም።

ስለዚህ ክልከላና ምትክ አብረው መሄድ አለባቸው። በ2015 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የለሚ እንጀራ ፋብሪካ፥ ከእንጦጦ እንጨት ይሸከሙ ለነበሩ እናቶች የሥራ ስፍራ እንዲሆን ታስቦ መቋቋሙ በዚህ በኩል የሚጠቀስ ነው። ሆኖም ፋብሪካ ቢከፈትም የማኅበራዊ ሠራተኛው ሥራ አያልቅም። ማን ገባ? ማን ቀረ? አራስ የሆነችው፥ ዐይኗ የደከመው፥ መታወቂያ የሌላትስ ወዴት ሄደች? እነዚህን ጥያቄዎች የሚጠይቅ ሰው ከሌለ፥ መልካሙ ሥርዐት ሁሉ ለበረታው ይደርስና ለደከመው ሳይደርስ ይቀራል።

አንተስ?

ምናልባት «እኔ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ እኔ የሕግ ተማሪ ነኝ፤ ይህ ምን ያገባኛል?» ትል ይሆናል። እስቲ አንድ የራሴን ጥፋት ልንገርህ።

በወጣትነቴ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ስሠራ፥ አንዲት አሮጊት ለልጅ ልጃቸው ድጋፍ ለመጠየቅ ማመልከቻ ይዘው መጡ። አንድ ማስረጃ ጎድሏቸው ነበር። «ማስረጃውን አሟልተው ነገ ይምጡ» አልኋቸውና ወረቀቱን መለስሁላቸው። የተናገርሁት ሕጉ የሚለውን ነው። ነገር ግን ማስረጃው ከየትኛው ክፍል እንደሚገኝ አልነገርኋቸውም፤ ከየት እንደ መጡም አልጠየቅኋቸውም። ነጠላቸውን አስተካክለው «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» ብለው ወጡ። ስቀመጥ ብቻ ነው ከወንበሩ ሥር የተራገፈውን የባሕር ዛፍ ቅጠል ያየሁት። ማልደው ከሸክም መልስ በቀጥታ የመጡ ነበሩ። በማግሥቱ ጠበቅኋቸው፤ በሳምንቱም ጠበቅኋቸው። ደግመው አልመጡም። ስማቸውን መዝግቤ ስላልያዝሁ ልፈልጋቸውም አልቻልሁም።

ያን ዕለት የጎደለኝ ገንዘብ ወይም ሥልጣን አልነበረም። የጎደለኝ ሁለት ጥያቄ ነው፤ «ከየት መጡ? ማን አለዎት?» የሚለው።

ስለዚህ አንተ በጠረጴዛህ ፊት ባለጉዳይ ሲቆም፥ ወረቀቱን ከማየትህ በፊት ሰውዬውን እይ። ወንበር ካለ አስቀምጥ። «አይቻልም» ማለት ግድ ከሆነብህ፥ የሚቻለው በየት በኩል እንደ ሆነ አብረህ ንገር። አንቺም ተማሪ የሆንሽ እኅቴ፥ በሠፈርሽ ዕድር ጸሐፊው አርጅቶ እንደ ሆነ መዝገቡን አግዢው፤ ከመዝገቡ ማን በመዋጮ ምክንያት እንደ ተሠረዘም ጠይቂ። ይህን ለማድረግ ዲፕሎማ አያስፈልግም። በዚህ መንገድ ልባችሁ ከተሳበ ደግሞ ትምህርቱ ዛሬ በዩኒቨርሲቲዎቻችን አለ፤ አገሪቱም ባለሙያውን ትሻለች።

ሌላ ቀንም በካራ በኩል ስታልፍ ያቺን ሴት ታገኛት ይሆናል። ብር ከኪስህ ብታወጣ መልካም ነው። ከዚያ በፊት ግን መንገዱን ለቀቅ አድርግላት፤ ሸክሟንም የምታሳርፍበት ከፍ ያለ ድንጋይ ካለ አሳያት። ከዚያም እጅ ነሥተህ «እንደምን አደሩ?» በላት። መልሷን ለመስማት ጊዜ ካለህ፥ ሥራው ተጀምሯል።